አንድ ሻኛ ለሁለት ገበታ

ፒያሳ አጠገብ እሪ በከንቱ ሠፈር ውስጥ የሺዓለምን «የሺ ቅልጥም» የማይላት ሰው የለም፤ ፊት ለፊቷ ግን አንድም ደፋር አልተገኘም። ስሙ የወጣላት ባሏ አጽብሐ በሕይወት ሳለ ነው። አጽብሐ እጁ አያርፍም ነበር፤ ሲጠጣ ይማታል፣ ሳይጠጣም ይማታል። አንድ ቅዳሜ ሥጋ ቤታቸው በደንበኛ ጢም ብሎ ሳለ በጥፊ ሲያጮላት፣ ባንኮኒው ላይ የተጋደመውን የበሬ ቅልጥም አንስታ አፉ ላይ አሳረፈችው። ሁለት ጥርሱ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ደንበኛው ጥሬ ሥጋውን እያላመጠ አየ እንጂ ለመገላገል የተነሣ የለም። አጽብሐ ደሙን በነጭ ጋወኑ ጠርጎ፣ «በይ እሱንም መዝኚው» አለ አሉ። ከዚያች ቀን ወዲህ እጁን አንስቶባት አያውቅም። ጉበቱ ገድሎት ሲቀበር ደግሞ ደረቷን እየደቃች አለቀሰችለት። ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው ትሉ ይሆናል፤ እኔም እላለሁ፣ ግን እንዲህ ነበር።

ሥጋ ቤቷ ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ሲወጣ ዳገቱ ወገብ ላይ ናት። ጠባብ ናት። ደጃፏ ላይ መንጠቆው፣ ከመንጠቆው ሥር ባንኮኒው፣ ከባንኮኒው ወዲህ አግዳሚ ወንበሮች። ቁርጥ የሚበላ ሰው ደግሞ ቢላ ይዞ ነው የሚቀመጠው። እንግዲህ አስቡት፤ ያ ሁሉ ስለት በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ላዩ ላይ ቢራ ተጨምሮበት! ሰፈሩም አራዳ ነው፤ ካልተተራረበ የበላው የማይፈጭለት ሕዝብ ነው። ቡጢ ነበር፣ በወንበር መፈነካከት ነበር፣ የሺዓለም ራሷ ስንቱን ሰካራም በሚዛን ድንጋይ አባርራለች። ቢላ ግን ሰው ላይ ተነሥቶ አያውቅም።

ለዚህ ምስጋናው የአስገዶም ነው። አስገዶም ሥጋ ቆራጯ ነው። በጎረምሳነቱ ከትግራይ ሲመጣ አጽብሐ ቀጠረው፣ አጽብሐ ሲሞት ከእሷ ጋር ቀረ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ አትክልት ተራ ጀርባ በተከራያት አንዲት ክፍልና በዚህ ሥጋ ቤት መካከል ሲመላለስ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ሁለት ሰዎች ድምፃቸው ከፍ ሲል ከሰማ ቢላውን ያስቀምጥና ወጥቶ መካከላቸው ይቆማል። አይናገርም፣ ይቆማል ብቻ። ሰው ያፍርና ይቀመጣል። ሥጋ ሲቆርጥማ! ስቡንና ቀዩን አመጣጥኖ ሲያቀርብላችሁ ገና ሳትቀምሱት ዓይናችሁ ይጠግባል። ደንበኛ የሚመጣው ለእሱ እጅ እንጂ ለእሷ ምላስ እንዳልሆነ የሺዓለምም ታውቃለች።

ጣጣው የመጣው ሠፈሩ ለልማት ተብሎ ሲፈርስ ነው። የእሷ ቤት ከመንገዱ ወዲህ ስለሆነች ተረፈች፤ የሚበላላት ሰው ግን ዕቃውን ጭኖ ሄደ፣ ገሚሱ ከተማው ዳር ወዳለው ገላን፣ ገሚሱ ወደ አራብሳ። ድሮ ቅዳሜ ቀትር ሳይሞላ ያልቅ የነበረው በሬ እሑድ ማታ ድረስ ተንጠልጥሎ ዝንብ ይጠራ ጀመር። የሺዓለም ባንኮኒዋ ላይ ተደግፋ ባዶ ወንበሮቿን ስታይ ልቧ ይደማል። «ይሄ ቤት ከተዘጋ አስገዶም የት ይገባል?» ትላለች። ለነፍስ አባቷም፣ ከቄራ ሥጋ ለሚያመጣላት ሾፌርም፣ ላገኘችው ሁሉ ያንኑ ነው የምትለው። «እኔስ ግድ የለኝም፣ የትም ብወድቅ። ለእሱ ነው እንጂ!»

የእህቷ ልጅ ማክዳ አንድ ድርጅት ውስጥ የገበያ ሥራ ትሠራለች። አንድ የጾም ቀን፣ ሥጋ ቤቱ ዝግ ሳለ መጥታ አክስቷን አጽናናቻት።

«አክስቴ፣ አዲስ ሰው የሚያመጣልሽ የድሮው ሰው ነው። ወዳጁን ይዞ ለመጣ ደንበኛ አንድ ነገር ስጪ።»

«ምን ልስጥ? ገንዘብ?»

«ገንዘብማ ከሰጠሽው ወዳጁን የሸጠ ይመስለዋል።»

«ቢራስ?»

«ቢራ? አንቺ ቤት?» ማክዳ ሳቀች። «የሚፈነከተውን ማን ሊያነሳልሽ ነው! ስሚኝ፣ ትንሽ ነገር ይሁን፣ ግን ለሁሉም ይድረስ። ላመጣውም ለመጣውም እኩል። ሲወጡ ለቤታቸው ትንሽ የወጥ ሥጋ በፌስታል ጣል አድርጊላቸው፤ ማንም ሳያይ። ሚስቶቻቸው ይመርቁሻል፣ እነሱም ተመልሰው ይመጣሉ።»

የሺዓለም ከንፈሯን ገለበጠች። «በፌስታል? የፒያሳን ወንድ በፌስታል ልደልል? አንቺ ልጅ፣ ወንድ ሆዱ ከሞላ በኋላ ምን እንደሚርበው ታውቂያለሽ? መታየት ነው የሚርበው።»

«እሱን ነው የምፈራው» አለች ማክዳ።

ማን ሰምቷት! የሺዓለም አንዴ ካሰበች አሰበች ነው። ያሰበችው ደግሞ ሻኛውን ነው። የበሬው ትከሻ ላይ የሚቆመው፣ ስቡ አፍ ውስጥ እንደ ቅቤ የሚቀልጠው ሻኛ፣ ድሮም ቢሆን ለከበረ እንግዳ ነው የሚወጣው። እንግዲህ ደንቡን አወጀች፤ በየቅዳሜው ብዙ አዲስ ሰው ይዞ የመጣ ደንበኛ ሻኛው የእሱ ነው። ሳይቆራረጥ፣ እንዳለ፣ በሰፊ ጣውላ ላይ ሆኖ አስገዶም ራሱ ተሸክሞ ያመጣለታል፣ ቤቱ ያጨበጭባል፣ ሰውዬው በገዛ ቢላው እየቆረጠ ያመጣቸውን ሰዎች ያጎርሳል። ዋጋ የለውም።

አስገዶም ይህን ሲሰማ ቢላውን መሞረዱን አቆመ።

«ቀሪውስ እትዬ?»

«የቱ ቀሪ?»

«ሰው ይዞ መጥቶ ሻኛው ለሌላ የሚሄድበት። ባመጣቸው ሰዎች ፊት እኮ ነው ባዶ ጣውላ የሚታቀፈው።»

«እሱማ በሚቀጥለው ቅዳሜ የበለጠ ይዞ ይመጣላ!» አለች እየሳቀች።

እውነትም ይዞ መጣ። ወይ ጉድ! ወሩ ሳያልቅ ቤቷ እንደ ድሮው ሆነች። ቆሞ የሚበላ ሰው እግረኛ መንገዱን ሞላው። ከሁሉ የባሰው አጥናፉ ነበር። አጥናፉ የመኪና ደላላ ነው፤ አፉ ከሚያሻሽጣቸው መኪናዎች ሁሉ የበለጠ ይሮጣል። ሻኛው ሲመጣለት ብድግ ብሎ ዙሪያውን እጅ ይነሣል፣ ከዚያ ሻኛ ያላገኙትን አንድ በአንድ እየጠራ ይተርባል። በሁለተኛው ቅዳሜ አንዱ የተተረበ ሰው የቢራ ጠርሙስ ጭንቅላቱ ላይ ሰበረበት። በሦስተኛው ቅዳሜ ደጃፍ ላይ ሁለት ሰዎች «ይሄን እንግዳ እኔ ነኝ ያመጣሁት» «እኔ ነኝ» ብለው ተናነቁ፣ እንግዳው በመካከል ሸሚዙ ተቀዶ፣ ጉንጩ ተቦጭሮ፣ ሥጋውን ሳይቀምስ እየተራገመ ሄደ። የሺዓለም አንዱን በክርኗ ደረቱን ብላ አስወጣችው፣ ሌላውን አንገቱን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ሽያጩ እጥፍ ነበርና አልከፋትም።

አስገዶም ግን ማታ ባንኮኒውን ሲያጥብ፣ «እትዬ፣ ይሄን ነገር ይተዉት» አላት። «ሰው በሥጋ አይጣላም፣ በማነስ ነው የሚጣላው። እኔ መካከላቸው ስቆም ድሮ ያፍሩ ነበር። አሁን በትከሻዬ ላይ እየተያዩ ነው የሚዛዛቱት።»

«ቤቱ እየቆመልህ ነው አስጌ! ለማን ብዬ መሰለህ?»

ጨርቁን ጨምቆ ማጠቡን ቀጠለ። ይህንንም እንደ እሺታ ቆጠረችው፤ ሲያሻት እንዲህ ትቆጥራለች።

ከሐዋርያት ጾም ፍቺ በኋላ የመጀመሪያው ቅዳሜ መጣ። ሰው ሥጋ ናፍቋል፣ ዝናቡ ደግሞ ጧት ጀምሮ ይወርዳል። በዋዜማው ዳኒኤል ከገላን ደውሎ ነበር። ዳኒኤል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሠፈሩ እስኪፈርስ ድረስ ከሥጋ ቤቷ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ የኖረ፣ ልጅነቱን እዚያ ደጃፍ ላይ የጨረሰ ሰው። ገላን ሲሄድ ማንም አያውቀውም፣ እሱም የሚያውቀው ሰው የለም። አሁን አዲሶቹን ጎረቤቶቹን ሚኒባስ ተከራይቶ ሊያመጣቸው ነው። «እትዬ የሺ፣ ባደግሁበት ቤት ሻኛ ይቀርብልኛል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ» አላት። «ያንተ ነው በቃ» አለችው። ከልቧ ነበር።

በማግስቱ ከቀትር በፊት አጥናፉ መጣ። ያመጣቸው ሰዎች ብዛት! ከመኪና አስመጪዎች ጀምሮ እስከ ሾፌሮቻቸው። «የሺዬ፣ ሻኛዬን አዘጋጂ!» አለ ገና ከደጅ። ዓይኗን ወደ መንገዱ ላከች። የዳኒኤል ሚኒባስ የለም። ዝናቡ አስቀርቶት ይሆናል፣ ጭርሱን ላይመጣም ይችላል። ደንቡ ደግሞ ብዙ ላመጣ ነው። «እሺ» አለችው።

አስገዶም ሻኛውን ከመንጠቆው አውርዶ ጣውላው ላይ እንዳሳረፈው ሚኒባሱ ደጃፉ ላይ ቆመ። ዳኒኤል ቀድሞ ዘለለ፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ጭቃ ነክቶታል። ከኋላው ጎረቤቶቹ ይወርዳሉ፤ ነጠላ የለበሱ አንድ ሽማግሌም አሉበት። ዳኒኤል ጣውላውን አየና ፊቱ በራ። ደረሰልኝ ብሎ ነው።

የሺዓለም ያን ፊት ስታይ ወደ አስገዶም ተጠግታ በጆሮው፣ «ለሁለት ክፈለው» አለችው።

«አይሆንም እትዬ። ለአንዱ ይስጡ፣ አንዱን ይቅርታ ይጠይቁ። የተገመሰ ሻኛ ሁለት ቂም ነው።»

«ቁረጥ አልኩህ እኮ!»

ቆረጠው። ሁለት ጣውላ ላይ አድርጎ አንዱን ለአጥናፉ፣ አንዱን ለዳኒኤል አደረሰ። ያጨበጨበ የለም። የጀመሩትም እጃቸውን አየር ላይ ይዘው ቀሩ። አጥናፉ ግማሹን ሻኛ አየ፣ ከዚያ ማዶ የተቀመጠውን ግማሽ አየ፣ የተዋረደ መሰለው። አጥናፉ ሲዋረድ ዝም የሚል ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ!

«ገላኖች!» ብሎ ጮኸ። «ከእኛ የተረፈውን ነው የላኩላችሁ፣ በሉ አትፈሩ፣ ብሉ! ቤታችሁ ሲፈርስ ሻኛችሁም አብሮ ለሁለት ተከፈለ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የዳኒኤል እንግዶች ቢላቸውን በእጃቸው እንደያዙ ተያዩ። ሽማግሌው የእሳቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ያደግሁበት ነው፣ ሰው ሁሉ ያውቀኛል ያልከን እዚህ ነው?» አሉት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የምር ነው የጠየቁት። ያ ነው ከትረባው የባሰው።

ዳኒኤል ተነሣ። ጣውላውን ከነሻኛው አንስቶ ሄደና በሙሉ ክንዱ የአጥናፉ ፊት ላይ አላተመው። የአፍንጫው አጥንት ሲሰበር ቤቱ በሙሉ ሰማ። አጥናፉ ወደ ኋላ ሲገለበጥ አግዳሚው አብሮት ተገለበጠ፣ ላዩ ላይ የነበሩት ሾፌሮች ተንከባለሉ፣ የአዋዜ ሳህን የአንዱ ዓይን ውስጥ ፈሰሰና «ታወርኩ!» እያለ በቡጢ ያገኘውን ሁሉ ይወቃ ጀመር። ጠርሙስ በረረ። የሚኒባሱ ረዳት ወንበር አንስቶ የአንድ አስመጪ ጀርባ ላይ ሰበረው። የሰው ጥርስ፣ የሰው ፀጉር፣ የበሬ ሥጋ፣ ሁሉም ጭቃማው ወለል ላይ አብሮ ይረገጣል። አጥናፉ አፍና አፍንጫው ደም በደም ሆኖ ተነሣና የዳኒኤልን ጉሮሮ ያዘ። ዳኒኤል እጁ ላይ ቢላ እንዳለ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሻኛውን ሊቆርጥበት የያዘው ነው። ክንዱን ሲያነሣ ግን ስለቱ አብሮ ተነሣ።

አስገዶም ባንኮኒውን በደረቱ ተሻግሮ ደረሰ። ለመቆም ጊዜ አልነበረውም። ስለቱን በባዶ ቀኝ እጁ ያዘው። ዳኒኤል ጎተተ። አስገዶም አልለቀቀም። ዳኒኤል እንደገና ጎተተና ቢላው ጣቶቹን አርሶ ወጣ። ደሙ ጣራ ነካ ብላችሁ ማጋነን አይደለም። የሺዓለም እሪታዋን ለቀቀችው፣ የሚዛኑን ድንጋይ አንስታ የዳኒኤልን ትከሻ ደረመሰችው። ዳኒኤል ባደገበት ወለል ላይ በጉልበቱ ወደቀና፣ «እትዬ የሺ፣ እትዬ የሺ» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ፖሊስ ዳኒኤልን ወሰደው። የአጥናፉን አፍንጫ ሐኪም ሰፋው። የአስገዶምን ጅማት ሐኪሞች በሰዓታት ሥራ ቀጣጠሉት፤ ቁስሉ ዳነ፣ ጣቶቹ ግን መታጠፍ እምቢ አሉ። የሺዓለም አልጋው ሥር ተንበርክካ፣ «ምላሴን በቆረጠው! እኔን በበላኝ!» እያለች ግንባሯን ከብረቱ ጋር አጋጨች። ሻኛ የሚባል ነገር ዳግመኛ ለማንም ሽልማት እንደማይሆን በማርያም ስም ማለችለት። አስገዶም በግራ እጁ ራሷን ዳበሳት። የእሷን ያህል እንኳ አላዘነም ነበር፤ ወይም አይናገርም።

ማክዳም መጣች። «ብዬሽ ነበር» አላለችም። አለማለቷ የሺዓለምን ከስድብ በላይ ቆጠቆጣት።

ሥጋ ቤቱ ሲከፈት አስገዶም ቆራጭነቱ ቀርቶ ከሒሳብ መቀበያው ኋላ ተቀመጠ። እጁ እስኪሻለው ተብሎ ሌላ ቆራጭ ተቀጠረ፤ እንደማይሻለው ሁሉም ያውቃል። የሺዓለም ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ ማን ይመጣል ብላ ነበር የፈራችው። ለካ በዚያ ግርግር መካከል አንዱ በስልኩ ሲቀርጽ ነበር! ፊልሙ ቲክቶክ ላይ ወጥቶ አገር አይቶታል። ቅዳሜ ገና ሲነጋ ሰው በዝናብ ወረፋ ያዘ። ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ቦሌ ይሁን ሲኤምሲ፣ ደም የፈሰሰበትን ወለል በዓይናቸው ይፈልጋሉ፣ ሥጋውንም እየበሉ ይፈልጋሉ። ቤቱ በሽልማት ጊዜ ያልሞላውን ያህል ሞላ።

አንድ ኮፍያውን ዘቅዝቆ ያደረገ ጎረምሳ ከኋላው ብዙ ጓደኞቹን አስከትሎ ገባ። «እዚህ ጋ ነው የያዘው» ይላቸዋል። «ሰውዬው እንዲህ ሲጎትት፣ ያኛው እንዲህ ጨብጦ!» እጁን ዘርግቶ ያሳያቸዋል፤ ይስቃሉ። አስገዶም ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ ይሰማል። ልጁ አላወቀውም። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ተደገፈና፣ «እማማ፣ የመጣነውን አይተሻል። ሻኛው የእኛ ነው አይደል?» አለ።

የሺዓለም አፏን ከፈተች። መሐላዋን ታውቃለች። ግን ወረፋውን አየች፣ እስከ መንገዱ የተዘረጋውን። ይህን ልጅ ካስከፋችው ስልኩን አውጥቶ የሚያወራባትን አሰበች። ባዶዎቹን ወንበሮች አሰበች። «የእናንተ ነው» አለች፣ ወደ ኋላዋ ሳታይ።

ራሷ ከመንጠቆው አውርዳ ጣውላው ላይ እንዳስቀመጠችው አስገዶም ተነሣ። ሳይቸኩል መጣ፣ ሻኛውን በግራ እጁ አፈፍ አድርጎ አነሣና በደጃፉ በኩል ወረወረው። የሚንዶለዶለው ጎርፍ ውስጥ ወደቀ። ልጆቹ አጨበጨቡ፣ ትርዒት መስሏቸው። ሁሉም ስልኩን አወጣ።

የሺዓለም በጥፊ አለችው። በሙሉ እጇ፣ ጉንጩ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ስንቱን ስትመታ ኖራ እሱን ግን ነክታው አታውቅም ነበር። ወዲያው እጇን ሰበሰበች፤ ጥፊው ግን ሊመለስ አይችልም። አስገዶም ጋወኑን ሊያወልቅ ከወገቡ ኋላ ያለውን ቋጠሮ በግራ እጁ ቢታገል ቢታገል እምቢ አለው። ልትፈታለት እጇን ስትሰድ ወደ ኋላ ሸሸ። እንደለበሰው በዝናቡ ውስጥ ወጣ።

የዚያን ቅዳሜ ያደረ ሥጋ አልነበራትም፤ አጥንቱ ሳይቀር ተሸጠ።

ሰኞ ጧት አትክልት ተራ ጀርባ፣ ከቲማቲም ሳጥኖቹና ከተሸካሚዎቹ መካከል ተሹለክልካ ክፍሉን አገኘችው። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ጋወኑ እንዳለ ገላው ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ቆመች። ይቅርታ ልትል ነበር የመጣችው፤ አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አስጌ፣ ና እንሂድ። ቤቱ እኮ ዳነ! አየኸው አይደል ሰዉን? ያን ሁሉ እኮ እኔ ለአንተ ብዬ...»

«ለእኔ ብለው ነው አይበሉኝ እትዬ» አላት ረጋ ብሎ። «ሌላ የፈለጉትን ይበሉኝ። ጥፊውንም ችያለሁ። ለእኔ ነው ብቻ አይበሉኝ።»

የምትለው ሌላ ነገር ፈለገች። ለነፍስ አባቷ፣ ለሾፌሩ፣ ለማክዳ፣ ለራሷም ስትለው የኖረችው ያ አንድ ቃል ብቻ ነበርና አጣች። ለማን ነበር ታዲያ?

ስልኳ ጮኸ። አዲሱ ቆራጭ ነበር፤ ሰው ደጃፉን ሞልቶታል፣ መቼ ነው የሚመጡት ይላል። አስገዶምን አየችው። እሱ የማይታጠፉ ጣቶቹን እያየ ነበር።

«መጣሁ» አለች በስልኩ፣ እና ወደ ድልድዩ፣ ወደ ሥጋ ቤቷ ቁልቁል ወረደች።